ከአምባው ግርጌ የቀሩት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከጥቂት ሳምንታት በፊት የእሑዱ መርሐ ግብር ካለቀ በኋላ በአዳራሹ በር ላይ ቆመን ስንነጋገር፣ አንድ ወንድማችን ያነሣው ጥያቄ ብዙዎቻችንን አከራክሮ ሳይቋጭ ቀርቷል። ወንድማችን ያለው እንዲህ ነበር፤ «እግዚአብሔር በሁሉ ቦታ የመላ አምላክ ከሆነ እርሱን ፍለጋ ተራራ መውጣት ለምን ያስፈልጋል? ደግሞስ ከቤቱ የተፈናቀለ ወገናችን እዚሁ መቐለ በመጠለያ ተቀምጦ ሳለ፣ ለጉዞ አውቶቡስ የምንከፍለው ገንዘብ ለእርሱ ቢሰጥ አይሻልም ወይ?»

ከመካከላችን አንዳንዱ «ይህ የተጠራጣሪ ጥያቄ ነው» ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ሞከረ። ለእኔ ግን ጥያቄው ከክፉ ልብ የወጣ ሆኖ አልታየኝም። እኔም ራሴ ባለፈው ዓመት ተመሳሳይ ጥያቄ ይዤ ወደ ደብረ ዳሞ ሄጄ ስለ ነበር፣ በዚያ ያየሁትንና ያሰብሁትን ለመጻፍ ተነሣሁ። መምህር ሆኜ ለማስተማር አይደለም። አብረን እንድናስብበት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ2014 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት ለመቐለ ሕዝብ እንዴት ያለ ዓመት እንደ ነበረ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክ ተቋርጦ፣ መድኃኒት ጠፍቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ታናሽ እህቴ በጽኑ ታመመች። በዚያው ሰሞን የጎረቤታችንም ልጅ ታመመ። ሁለቱ እናቶች ከአንድ የውኃ ቧንቧ የሚቀዱ፣ ቡና የሚጠራሩ፣ በዚያ የችግር ጊዜም አንዷ ያላትን ዱቄት ለሌላይቱ የምታካፍል ነበሩ። ሁለቱም በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ደጃፍ ተቀምጠው፣ ለአቡነ አረጋዊ አንድ ዓይነት ስእለት ተሳሉ። ልጆቻቸው ቢድኑላቸው ከደብረ ዳሞ ግርጌ ድረስ ሄደው ምድሩን ሊሳለሙ፣ ወደ ላይም ዕጣንና ጧፍ ሊልኩ ቃል ገቡ።

እህቴ ዳነች። የጎረቤታችን ልጅ ዐረፈ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፤ የእምነት ጥያቄ በመጽሐፍ ላይ ሲነበብና በአጥር ማዶ የልቅሶ ድምፅ ሆኖ ሲሰማ አንድ አይደለም። ያን ጊዜ እኔ ለእህቴ መዳን ማመስገን እንኳ አፈርሁ። ስእለቱ አንድ፣ ልመናው አንድ፣ ሌሊቱም አንድ ነበርና። እናቴም እንዲሁ ሆና ነበር። ስእለቷን ለማድረስ ሁለት ዓመት ያህል ዘገየች። መንገድ ከተከፈተ በኋላም ምክንያት ስታበዛ ቆየች። ጠጋ ብዬ ብጠይቃት «እንዴት አድርጌ ዓይኗን እያየሁ እሄዳለሁ?» አለችኝ። በመጨረሻ በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ለጎረቤታችን ሳትነግር፣ በስውር ለመሄድ ተዘጋጀች።

ነገር ግን በጉዞው ዋዜማ ጎረቤታችን በራሳቸው እግር መጡ። በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ትንሽ ዕቃ በእጃቸው ይዘው ነበር። ዕጣንና ጧፍ ነው። «እኔንም ይዛችሁኝ ሂዱ» አሉ። እናቴ አለቀሰች። እኔም ደንግጬ «የእርስዎ ስእለት እኮ...» ብዬ ጀመርሁና ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ተውሁት። እርሳቸው ግን የተውሁትን ጨረሱልኝ፤ «አልሰመረም ልትለኝ ነው፤ አውቃለሁ። ልጄ፣ ያን ቃል የገባሁት ለእግዚአብሔር እንጂ ለነጋዴ አይደለም።»

ይህ ጽሑፍ በሙሉ ያን አንድ ቃል ለመረዳት የተደረገ ሙከራ ነው።

ደብረ ዳሞ ከአዲግራት ወደ ዓድዋ በሚወስደው መንገድ፣ ቢዘት ከተባለችው ከተማ ባሻገር ወደ ሰሜን ገባ ብሎ የሚገኝ፣ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነ አምባ ነው። ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ መሠረቱት ይነገራል። ወደ አምባው የሚያስወጣ ደረጃ የለም። የገደሉ ግድግዳ 15 ሜትር ያህል ነው፤ የሚወጣውም በጠፍር ገመድ ተንጠልጥሎ ነው። ወደ ላይ የሚወጡት ወንዶች ብቻ ናቸው። ሴቶች ከግርጌው ቆመው ይሳለማሉ።

በትውፊት እንደሚነገረው ጻድቁ አምባውን የወጡት በእግዚአብሔር ፈቃድ ዘንዶ ተሸክሟቸው ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ገብረ መስቀል ቤተ ክርስቲያኑን ሲያሠሩ ለዕቃና ለሠራተኛ መውጫ የሚሆን መንገድ ከገደሉ ጋር አያይዘው አሠርተው ነበር ይባላል። ሕንፃው ሲያልቅ ጻድቁ መንገዱ እንዲፈርስ አዘዙ፤ «ዳሞ» የሚለውም ስም «አፍርሰው» ከሚለው የግዕዝ ቃል የመጣ ነው እየተባለ ይተረካል።

ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ግን ለምን እንደ ፈረሰ አስቤበት አላውቅም ነበር። የተሠራ መንገድ፣ ያውም ንጉሥ ያሠራው፣ ለምን ይፈርሳል? አንዱ መልስ «ድካሙ ዋጋ እንዲኖረው» የሚል ነው። ብዙዎቻችንም በልባችን የምናስበው ይህንኑ ነው። ብዙ የደከመ ብዙ በረከት ያገኛል፤ ገደሉ በረዘመ ቁጥር ጸሎቱ ፈጥኖ ይሰማል፤ በእግሩ የሄደ በመኪና ከሄደው ይበልጣል እንላለን። እንግዲህ እውነቱ ይህ ከሆነ ተራራው የገበያ ሚዛን ሆነ ማለት ነው። በአንዱ ወገን ላባችንን እናስቀምጣለን፤ በሌላው ወገን የለመንነውን እንቀበላለን። እንዲህ ከሆነ ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ ለምን ሞተ? የእናቱ እንባ ከእናቴ እንባ በምን ያንስ ነበር?

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አለመሆኑን የተረዳሁት በዩኒቨርሲቲ ካገኘሁት አንድ ህንዳዊ መምህር ጋር ስጨዋወት ነው። የሂንዱ እምነት ተከታዮችም በሂማልያ ተራሮች ላይ ወደሚገኙ ቤተ መቅደሶች በየዓመቱ ይጓዛሉ። ከእነዚህ አንዱ ኬዳርናት ይባላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በበረዶ ተራራ ሥር የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው። መኪና ከሚቆምበት በኋላ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ አቀበት ይቀራል። ጤነኛው በእግሩ ይሄዳል፤ ሌላው በበቅሎ፤ ገንዘብ ያለው ዛሬ በሄሊኮፕተር ይሄዳል። አቅም የሌላቸው አረጋውያን ደግሞ አንድ ሰው በጀርባው በሚያዝለው ቅርጫት ተቀምጠው ይወጣሉ። መምህሩ እናታቸው በዚህ ዓይነት እንደ ወጡ ነገሩኝና ፈገግ ብለው እንዲህ አሉ፤ «ተሳላሚ የምትባለው እናቴ ናት። አቀበቱን የወጣው ግን እርሷን የተሸከመው ድኃ ነው። በረከቱ ለማን እንደ ተጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

በዚያው በኬዳርናት አካባቢ በሰኔ 2005 ዓ.ም. ታላቅ ጎርፍ ወረደ። ቤተ መቅደሱ ሳይፈርስ ቀረ፤ በዚያ ቀበሌ ሁሉ ግን ተሳላሚዎችን ጨምሮ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መንገዱ ተጠግኖ ሕዝቡ እንደ ገና መሄድ ጀመረ። ድካም ዋጋ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ወዲህ ማን ይሄድ ነበር? የእነርሱ እምነት ከእኛ እምነት በመሠረቱ የተለየ ነው፤ ይህን አላደባልቅም። ነገር ግን የሰው ልብ በሐዘን ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ በሂማልያም በትግራይም አንድ መሆኑን አይቼ ተገረምሁ።

አሁን ወደ መንገዳችን ልመለስ። አዲግራት አድረን በማግሥቱ በጠዋት ወደ ቢዘት ሄድን፤ ከዚያም የመጨረሻውን መንገድ በእግራችን ተጓዝን። ዕለቱ ኅዳር 14 ቀን፣ የጻድቁ ወርኃዊ መታሰቢያ ነበር። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ጎረቤታችን ክንዷን ይዘው ያራምዷት ነበር። ልብ በሉ፤ ልጃቸው የሞተባቸው እናት ልጇ የዳነችላትን ደግፈው ያስኬዷታል! እኔ ከኋላ ሆኜ ይህን አያለሁ፤ ጥያቄዬም በሆዴ አለ።

ከገደሉ ሥር ስንደርስ ጫማዬን አወለቅሁ። ሁለቱንም ቋጠሮ ከጀርባዬ ጋር አሰርሁ። አንደኛው የተመለሰ ስእለት፣ ሁለተኛው ያልተመለሰ ስእለት ነው። ክብደታቸው አንድ ነበር። ከላይ አንድ መነኩሴ ሌላ ገመድ ጣሉልኝና በወገቤ ታጠቅሁት፤ በአንዱ ገመድ እኔ እወጣለሁ፣ በሌላው እርሳቸው ይስቡኛል። እጄ ተንቀጠቀጠ። በገደሉ አጋማሽ ላይ ክንዴ ዝሎ ቆምሁ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ማለት አቃተኝ። ያን ጊዜ የወገቤ ገመድ ጠበቀ። አልወጣሁም፤ ተሳብሁ ብል እውነቱን መናገሬ ነው።

ከዚያ በኋላ የፈረሰው መንገድ ትርጉም በመጠኑ የገባኝ መሰለኝ። በደረጃ የሚወጣ ሰው ብቻውን ሊወጣ ይችላል። በገመድ የሚወጣ ግን ከላይ የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል። መንገዱ የፈረሰው በረከት በላብ እንዲገዛ አይመስለኝም። ገዳማውያኑ ጸጥታ እንዲያገኙ ነው፤ ወደዚያ የሚደርስም ሁሉ በሌላ ሰው እጅ ተይዞ እንዲደርስ ነው። በወንጌል የተጻፈውን ሽባ አስታውሱ። በጣራ ቀዳዳ ያወረዱት አራት ሰዎች ነበሩ፤ ጌታም ያየው የእነርሱን እምነት እንደ ሆነ ተጽፏል። ሽባው የደከመው ድካም አልነበረም። ተሸካሚዎቹም ለራሳቸው የጠየቁት አልነበረም።

በላይ፣ ቋጠሮዎቹን ለአባ ሰጠኋቸው። «የማን ስእለት ነው?» አሉኝ። «የሁለት እናቶች» አልኋቸው። የትኛዋ ስእለቷ እንደ ሰመረ ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ልናገርም ተዘጋጅቼ ነበር። አባ ግን «ስመ ክርስትናቸውን ንገረኝ» አሉ እንጂ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ሁለቱንም ስም ሰምተው፣ ሁለቱንም ቋጠሮ በአንድ መሶብ ውስጥ አኖሩት። ከዚያ በኋላ የትኛው የማን እንደ ሆነ እኔም አልለየሁትም።

በየቤተ ክርስቲያናችን ስእለቱ የሰመረለት ሰው ዣንጥላ ይዞ ሲመጣ በእልልታ እንቀበለዋለን፤ ይህ መልካም ነው። ያልሰመረለት ሰው ግን በዚያች ሰዓት በየትኛው ጥግ ቆሞ እንደሚያለቅስ አስበን እናውቃለን? ሠለስቱ ደቂቅ በእሳቱ ፊት ቆመው አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል፣ ባያድናቸውም ግን ለምስሉ እንደማይሰግዱ ለንጉሡ ነገሩት። እኛ ብዙ ጊዜ የምንተርከው ከእሳት መውጣታቸውን ነው። እምነታቸው ግን የታየው ገና ሳይወጡ፣ እንደሚወጡም ሳያውቁ በተናገሩት ቃል ነው። ጎረቤታችንም ያችን ቋጠሮ ሲቋጥሩ በዚያ ቃል ላይ ቆመው ነበር። ስእለት ንግድ ቢሆን ኖሮ ዕዳ አልነበረባቸውም። እርሳቸው ግን የቋጠሩት ዕዳ ሊከፍሉ አይደለም። ከእግዚአብሔር ጋር እንዳልተለያዩ ለመናገር ነው።

አንዳንድ እህቶቻችን «ጸጋውስ ገመዱ ከሚጀምርበት ላይ ለእኛ ያቆማል ወይ?» ብለው እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። ተመሳሳይ ጥያቄ በሌላም አገር አለ። በደቡብ ህንድ፣ በኬረላ፣ ሳባሪማላ በሚባለው የተራራ ቤተ መቅደስ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 50 ዓመት የሆነ ሴቶች እንዳይገቡ በቆየው ልማድ ላይ ክስ ቀርቦ፣ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እገዳው ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ፈረደ። ከዚያም ብዙ ሁከትና ክርክር ተነሣ። እኔ የገዳማችንን ሥርዓት ለመሻርም ለመከራከርም ብቁ አይደለሁም፤ የመነኮሳቱን የብሕትውና ቃል ኪዳን አከብራለሁ። ነገር ግን የእህቶቻችን ጥያቄ «ዝም በሉ» ተብሎ የሚታለፍ አይመስለኝም።

እኔ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። የአቡነ አረጋዊ እናት ንግሥት እድና ልጃቸውን ተከትለው መጥተው፣ ከአምባው በታች በምንኩስና እንደ ኖሩ በትውፊት ይነገራል። ልጁ ከላይ፣ እናቲቱ ከታች። ቤተ ክርስቲያን የታችኛይቱን ከላይኛው ያነሰች አላለቻትም፤ ቅድስት ብላ ታስባታለች። በ1541 እ.ኤ.አ. ደግሞ፣ አገሩ በጦርነት በነደደበት ዘመን፣ ባላቸውን ዐፄ ልብነ ድንግልን በሞት ያጡት ንግሥት ሰብለ ወንጌል በዚሁ በደብረ ዳሞ ተጠግተው ነበር። ከዚያም ወርደው ከመጣላቸው የፖርቱጋል ጦር ጋር ተገናኙ። ያ አምባ የብዙ እናቶችን ሐዘን ያውቃል።

ከአምባው ስወርድ እናቴና ጎረቤታችን ድንጋይ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ጎረቤታችን ጫማዬን በጉያቸው ይዘውታል። በኋላ እናቴ እንደ ነገረችኝ፣ እኔ በገደሉ አጋማሽ ላይ በቆምሁ ጊዜ ጎረቤታችን በግንባራቸው ተደፍተው «ይህን ልጅ እንኳ በደኅና አውርድልኝ» እያሉ ይለምኑ ነበር። ያን ስሰማ በሁለት ዓመት ውስጥ ያልመጣልኝ እንባ መጣ። ገመዱን የሳቡት አባ ብቻ አልነበሩም።

እንግዲህ ለወንድማችን ጥያቄ ምን እንመልሳለን? በመጀመሪያው ክፍል፣ እግዚአብሔር በሁሉ ቦታ አለ ማለቱ እውነት ነው። ጌታችንም ለሳምራዊቷ ሴት ስግደት በዚያ ተራራ ወይም በኢየሩሳሌም የሚወሰን እንዳልሆነ አስተምሯታል። ተራራ የምንወጣው እግዚአብሔር በዚያ ስለ ታሰረ አይደለም። እኛ በየቤታችን፣ እያንዳንዳችን በየራሳችን ሐዘንና ደስታ ስለ ታሰርን ነው። እናቴ በደስታዋ አፍራ፣ ጎረቤታችን በሐዘናቸው ተዘግተው፣ በአንድ ግቢ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ኖሩ። መንገዱ ነው ያገናኛቸው።

በሁለተኛው ክፍል ግን ወንድማችን ይበልጠናል። ከተራራ ወርደን የተፈናቀለውን ሰው በመጠለያው በር ላይ አልፈነው ወደ ቤታችን የምንገባ ከሆነ፣ ለአውቶቡስ የከፈልነው ገንዘብ በእውነት ባክኗል። መዝሙረኛው ዳዊትም ወደ እግዚአብሔር ተራራ ማን እንደሚወጣ ጠይቆ፣ የመለሰው ስለ እግር ብርታት ሳይሆን ስለ እጅና ስለ ልብ ንጽሕና ነው። እጅ ደግሞ የሚነጻው ባዶ ሆኖ በመቀመጥ አይደለም። ጎረቤታችን ከዚያ ጉዞ ወዲህ ወር በገባ በ14ኛው ቀን ዳቦ ደፍተው በሰፈራችን ወዳለው መጠለያ ይሄዳሉ። እናቴም መሶቡን ትይዝላቸዋለች። «ለልጄ ነፍስ ነው» ይላሉ። ከዚያ ሌላ ማብራሪያ ሰጥተው አያውቁም።

ስለዚህ ለሰንበት ት/ቤታችን ሁለት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፤ ከአሁን በኋላ ጉዞ ስናዘጋጅ፣ መሄድ የማይችሉትን የአረጋውያንን፣ የሕሙማንንና የድኆችን ስመ ክርስትና እየዞርን እንጻፍና ይዘን እንውጣ። ያዘነ ሰው ቤትም ሳናፍር እናንኳኳ። ሁለተኛ፤ ከእያንዳንዱ ተጓዥ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ላይ ጥቂት ለይተን፣ በተመለስንበት ሳምንት በአጠገባችን ወዳለው መጠለያ ዳቦ ይዘን እንሂድ። ያን ጊዜ ወንድማችን ከእኛ ጋር ይመጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ባይመጣም፣ ስሙን ጽፈን ይዘን እንወጣለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።